የሻወር ፍሳሽና የጭቃ ግድግዳ፤ አሮጌ ቤት ከመግዛታችን በፊት ምን እንፈትሽ?

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ በተቆረቆሩት የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች የሚገኙ ብዙ አሮጌ መኖሪያ ቤቶች በባሕር ዛፍ እንጨት ቆመው፣ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ተመርገውና ቆርቆሮ ተከድነው የተሠሩ ናቸው። እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ በውስጣቸው የገላ መታጠቢያ ክፍል ይኖራል ተብሎ አልታሰበም። የቧንቧ ውኃ ወደ ግቢ ከገባ በኋላ ግን ባለቤቶቹ ከመኝታ ክፍሉ ጥግ ከፍለው ወይም በጓሮ በኩል ቀጥለው ሻወር ያበጃሉ፤ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስኑታል፤ አቅም ከፈቀደም ሴራሚክ ያለብሱታል። ቤቱ ለሽያጭ በሚቀርብበት ጊዜ ገዥው የሚያየው ይህንኑ የሚያብረቀርቅ ገጽ ነው። ከሴራሚኩ በስተጀርባ ያለው ግን ያው የጥንቱ ጭቃና እንጨት ነው።

አንድ ቤተሰብ ለብዙ ዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ቀን ፊርማ ለሚያስረክብበት ግዢ ‹‹ሻወሩ ትንሽ ያፈሳል፤ ጎማ ቢቀየርለት ይተዋል›› የሚለው የተለመደ አባባል በቂ መልስ አይደለም። ውኃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ አባቶቻችን የተናገሩት ስለ ወንዝ ቢሆንም ለሻወርም ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ ውኃ ከቧንቧ ወጥቶ በግድግዳ ውስጥ የሚጓዘው በምን ሕግ እንደሆነ እንመለከታለን፤ ከዚያም ያለ ውድ መሣሪያ ምንጩን ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል የምርመራ ቅደም ተከተል እናቀርባለን። ጽሑፉ የሚያተኩረው በአንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ውኃ የታየበት ቦታና ውኃ የመጣበት ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ውድ አንባብያን፣ በተለይም ወላጆቻችሁ ቤት ለመግዛት ሲነሡ ‹‹እስቲ አንተ ተማሪው እየው›› ወይም ‹‹አንቺ ተማሪዋ እዪው›› የምትባሉ፣ በክፍል የተማራችሁት ፊዚክስ እዚህ ላይ ሥራ አለው።

አንዲት ጠብታ በወር ስንት ትሆናለች?

በዝግታ ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ አፍ ላይ ውኃው ወዲያው አይወድቅም። የገጽ ውጥረት የሚባለው ኃይል ውኃውን እንደ ቀጭን ከረጢት ይዞ ያንጠለጥለዋል። የጠብታዋ ክብደት ከዚህ ኃይል ሲበልጥ ጠብታዋ ተቆርጣ ትወድቃለች። አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ በግምት 20 ጠብታ ይሆናል። በየሴኮንዱ አንዲት ጠብታ ብትወድቅ በቀን 86,400 ጠብታ ማለት ነው፤ ይህም ወደ 4.3 ሊትር ይደርሳል። በወር 130 ሊትር ያህል፣ ማለትም ከስድስት በላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ስድስት ጀሪካን ውኃ በአንድ ጊዜ ግድግዳችን ላይ ቢደፋብን እንጮኻለን፤ በጠብታ ሲሆን ግን ዝም እንላለን።

ግፊትና የፈረቃ ውኃ

የፍሳሹን መጠን የሚወስነው ቀዳዳው ብቻ ሳይሆን በውኃው ላይ ያለው ግፊትም ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሳይንቲስት ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ እንዳሳየው፣ ከቀዳዳ የሚወጣ ውኃ ፍጥነት ከቀዳዳው በላይ ባለው የውኃ ከፍታ ስኩዌር ሩት መጠን ይጨምራል። የውኃ ማጠራቀሚያው (በተለምዶ ሮቶ የምንለው) ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ውኃው በሴኮንድ 7.7 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወጣል። ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቀዳዳ በዚህ ሁኔታ በቀን 300 ሊትር ያህል ሊያፈስ ይችላል። ያው ቀዳዳ የ20 ሜትር ከፍታ ያህል ግፊት ካለው የከተማ መስመር ጋር በቀጥታ ቢገናኝ ግን ፍሳሹ ወደ 800 ሊትር ያድጋል።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ መስመሩ ደረቅ በሆነበት ቀን ቤቱን የጎበኘ ገዥ ምንም ፍሳሽ አያይም። ቧንቧው ደኅና ስለሆነ ሳይሆን ግፊት ስለሌለበት ነው። ስለሆነም ጉብኝቱ ውኃ በሚመጣበት ቀን ወይም ማጠራቀሚያው ሙሉ በሆነበት ጊዜ መሆን አለበት።

ሌላም መለየት የሚገባን ነገር አለ። ሻወሩን ከምንከፍትበት መክፈቻ በፊት ያለው ቧንቧ ሌሊትና ቀን በግፊት ውስጥ ነው፤ ቀዳዳ ካለው ሁልጊዜ ያፈሳል። ከመክፈቻው በኋላ ወደ ሻወሩ ራስ የሚወጣው ቧንቧ ግን ግፊት የሚያገኘው ስንታጠብ ብቻ ነው። የወለሉ ማስወገጃ ቱቦም እንዲሁ ውኃ የሚያገኘው በመታጠቢያ ሰዓት ነው። ‹‹እርጥበቱ ሁልጊዜ አለ ወይስ ከታጠቡ በኋላ ይጨምራል?›› የሚለው አንድ ጥያቄ ብቻውን ፍለጋውን በእጅጉ ያጠብበዋል።

ውኃ ሽቅብ ሲወጣ

‹‹ውኃ ቁልቁል ይፈሳል›› የሚለው እውነት በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ሙሉ አይደለም። ጭቃ፣ ሲሚንቶና እንጨት በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች የተሞሉ ናቸው። ውኃ ከእነዚህ ቀዳዳዎች ግድግዳ ጋር ያለው መሳሳብ ሽቅብ ይጎትተዋል። ይህ ክስተት ካፒላሪቲ ይባላል፤ የፋኖስ ክር ጋዙን ወደ ላይ የሚስበውም በዚሁ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሐኪምና ሳይንቲስት ጄምስ ጁሪን ቱቦው በቀጠነ መጠን ውኃው ከፍ እንደሚል አስረድቷል። ሬዲየሱ 0.1 ሚሊ ሜትር በሆነ ንጹሕ ቱቦ ውስጥ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ሬዲየሱ 0.01 ሚሊ ሜትር ሲሆን ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል።

በእውነተኛ ግድግዳ ላይ ከፍታውን የሚገድበው ሌላ ነገር ትነት ነው። ከታች የሚገባው ውኃና ከገጹ የሚተነው ውኃ እኩል በሚሆኑበት ከፍታ ላይ እርጥበቱ ይቆማል። ውኃው ከአፈሩና ከሲሚንቶው አሟሙቶ ያመጣውን ጨው እዚያው ትቶት ስለሚተን፣ በእርጥቡና በደረቁ መካከል ነጭ መስመር ይሠራል። ይህ መስመር ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲመላለስ እንደነበረ የሚናገር ምስክር ነው፤ አዲስ ቀለም ቢቀባበትም ቀለሙን እያስለቀቀ ተመልሶ ብቅ ይላል። ሆኖም ግድግዳው ላይ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የታየ እርጥበት የግድ ከዚያው ከፍታ ካለ ቧንቧ አይመጣም። ምንጩ ወለሉ ሥር ያለ የተሰነጠቀ ማስወገጃ ሊሆን ይችላል። ቧንቧ ለመፈለግ ሴራሚኩን በአንድ ሜትር ከፍታ ላይ የሚያፈርስ ሰው የተሳሳተ ቦታ እየቆፈረ ነው።

የጊዜውንም ጉዳይ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዋሽበርን እንዳስረዳው፣ ውኃ በቀጫጭን ቀዳዳዎች ውስጥ የሚጓዘው ርቀት ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። የስበትን ተጽዕኖ ለጊዜው ብንተወውና ውኃው በመጀመሪያው ሰዓት 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብንል፣ 4 ሴንቲ ሜትር ለመግባት 4 ሰዓት፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ግድግዳ አልፎ በወዲያኛው በኩል ለመታየት ደግሞ 100 ሰዓት፣ ማለትም ከአራት ቀን በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሻወሩን ለአሥር ደቂቃ ከፍቶ ‹‹ይኸው ምንም የለም›› ማለት ማስረጃ አይሆንም።

በጭቃውና በእንጨቱ ላይ የሚደርሰው

ደረቅ ጭቃ ጥንካሬውን የሚያገኘው የሸክላ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተሳስበው በመያያዛቸው ነው። ጭዱ ጭቃው በሚደርቅበት ጊዜ የሚፈጠረውን ስንጥቅ እየያዘ ያጠናክረዋል። ውኃ በቅንጣቶቹ መካከል በብዛት ሲገባ ግን ቅንጣቶቹ ይራራቃሉ፤ ጭቃው ወደ መጀመሪያ ልስላሴው ይመለሳል። የጭቃ ግድግዳ የሚጠፋው በዝናብ ፍንጣሪ አይደለም። ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። የሚያጠፋው መድረቂያ ጊዜ የማይሰጠው የማያቋርጥ እርጥበት ነው።

ሲሚንቶና ሴራሚክ ችግሩን ያባብሱታል። ሲሚንቶ ግትር ነው፤ ጭቃ ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በመሆኑም በሁለቱ መካከል ልጠት ይፈጠራል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ ደግሞ በሴራሚኩ ታፍኖ መውጫ ያጣል። ሴራሚኩን በጣት ጣውላ እንደምናንኳኳ ስናንኳኳው ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከበስተኋላው ለቋል ማለት ነው።

እንጨቱን በተመለከተ ደግሞ፣ የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ያለ ውኃ አይኖሩም። የእርጥበቱ መጠን ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ሆኖ የሚቆይ እንጨት በእነርሱ አይበሰብስም፤ ወደ 30 በመቶ ተጠግቶ ለወራት የቆየ ግን ለመበስበስ የተመቻቸ ነው። የቤቱን ጣሪያ የተሸከሙት እነዚህ ቋሚ እንጨቶች ስለሆኑ ጉዳዩ ከቀለም መላላጥ በላይ ነው።

የዋልካ አፈር ምስክርነት

ቢቸና በምትገኝበት በእነማይ ወረዳ ለጤፍ የሚስማማው ጥቁር የዋልካ አፈር በስፋት ይገኛል። የዋልካ አፈር የሸክላ ማዕድናት በንብርብሮቻቸው መካከል ውኃ እያስገቡ ያብጣሉ፤ በበጋ ደግሞ ተኮማትረው እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ይፈጥራሉ። በዋልካ ላይ በተሠራ ቤት ሥር የሻወር ማስወገጃ ቢያፈስ፣ በበጋ የቤቱ ሦስት ማዕዘናት ያሉበት አፈር ሲኮማተር አራተኛው ያበጠ ሆኖ ይቀራል። መሠረቱ እኩል ባለመንቀሳቀሱም ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ይታያል፤ በሮችም አልዘጋ ይላሉ። እንዲህ ያለው ምልክት ከሻወሩ አጠገብ ባለው ማዕዘን ላይ ጎልቶ ከታየ ፍሳሹ መሠረቱ ድረስ መውረዱን እንድንጠረጥር ያደርገናል። አፈሩ በአንድ ከተማ ውስጥም ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ፣ በሞጣም ሆነ በቢቸና የግቢውን አፈር ጥቂት ቆፈር አድርጎ ማየት ይበጃል። ረጥቦ የሚያጣብቅ፣ ደርቆ በሰፊው የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምር።

ፍሳሽ ያልሆነ እርጥበት

ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሙቅ ውኃ በምንታጠብበት ጊዜ የክፍሉ አየር በእንፋሎት ይሞላል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 23 ግራም እንፋሎት መያዝ ይችላል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9.4 ግራም በላይ አይዝም። 7.5 ሜትር ኩብ ስፋት ያለው የሻወር ክፍል አየር በዚህ መጠን ቢቀዘቅዝ 100 ግራም ያህል ውኃ በቆርቆሮውና በግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል። ይህም ወደ 2,000 ጠብታ ነው። ጣሪያው ያፈሳል ተብሎ የሚታማው ብዙ ጊዜ ይህ ጤዛ ነው፤ መድኃኒቱም የአየር መውጫ መስኮት እንጂ አዲስ ቆርቆሮ አይደለም።

ጤዛን ከስርገት ለመለየት ቀላል ሙከራ አለ። የአንድ ደብተር ገጽ የሚያህል ላስቲክ በእርጥቡ ግድግዳ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቀን አንድ ወይም ሁለት ቀን እንተወዋለን። ውኃው ከላስቲኩ በላይ፣ በክፍሉ በኩል ከታየ ጤዛ ነው፤ ከላስቲኩ በታች፣ በግድግዳው በኩል ከታየ ደግሞ ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ነው።

ወቅቱም ይፈርዳል። በክረምት ሁሉም ግድግዳ እርጥብ ስለሚሆን ዝናቡንና ቧንቧውን መለየት ያስቸግራል። በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ ዝናብ ሳምንታት ርቆ ሳለ እርጥብ ሆኖ የተገኘ ግድግዳ ግን ዋና ተጠርጣሪው የቧንቧና የሻወር ውኃ ነው።

ምርመራው በቅደም ተከተል

የሳይንስ ሙከራ መሠረታዊ ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። በሻወሩም ላይ የምንሠራው በዚሁ ሕግ ነው። የሻጩን ፈቃድ አግኝተን የሚከተሉትን በተራ እንፈጽም።

አንደኛ፣ የውኃ ማስገቢያውን መስመር እንፈትሽ። ወደ ማጠራቀሚያው የሚገባውን ጨምሮ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግተን የቆጣሪውን ንባብ እንጻፍ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና እናንብብ። ንባቡ ከተለወጠ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር ያፈሳል። ሻወሩ ከማጠራቀሚያ የሚቀዳ ከሆነ የማጠራቀሚያውን መግቢያ ዘግተን የውኃውን ከፍታ በቀጭን መስመር እናመልክት። ወርዱ አንድ ሜትር በሆነ ማጠራቀሚያ ውስጥ በየሴኮንዱ የምትወድቅ ጠብታ በ24 ሰዓት የምታጎድለው 5.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ውኃውም ማጠራቀሚያውም ከሙቀት ጋር ስለሚሰፉና ስለሚኮማተሩ፣ ሁለቱም ንባቦች በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ሁለቱም ጎህ ሲቀድ መወሰድ አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ሻወሩን ከፍተን ውኃው በሙሉ በባልዲ እንዲጠራቀም እናድርግ። ወለሉና ግድግዳው ደረቅ እንደሆኑ ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ የሚፈተሸው ከመክፈቻው በላይ ያለው ቧንቧ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የተጠራቀመውን ውኃ ወለሉን ሳናረጥብ በቀጥታ ወደ ማስወገጃው ቀዳዳ እናፍስስ። በውኃው ላይ ጥቂት የምግብ ቀለም ብንጨምርበት በውጭ በኩል ብቅ ሲል ከሌላ ውኃ እንለየዋለን።

አራተኛ፣ ማስወገጃውን በጨርቅና በላስቲክ ደፍነን በወለሉ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ እናቁር። በትነት የሚጎድለው በሰዓት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ከዚያ በላይ ከጎደለና ድፋኑ አጥብቆ መዝጋቱን ካረጋገጥን ወለሉ ያሰርጋል።

አምስተኛ፣ ማስወገጃውን ከፍተን ግድግዳውን ብቻ እንርጭ። የሴራሚኩ መጋጠሚያዎች የሚፈተኑት በዚህ ነው።

በየሙከራው መካከል በቂ ጊዜ መተው እንደሚገባ የዋሽበርን ሕግ አስተምሮናል። ጊዜ ካጠረ ዘገምተኛ ምልክቶችን እንመልከት፤ የጨው መስመር፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ሴራሚክ፣ አዲስ የተለሰነ አንድ ቦታ፣ የሻጋታ ሽታ። በውጭ በኩል ከሻወሩ ጀርባ የሚገኘውን ቋሚ እንጨት እግር በምስማር እንውጋው። ደኅና እንጨት ምስማሩን ይመልሳል፤ የበሰበሰው እንደ ቆሎ ዱቄት ይገባለታል።

ከሁሉ የሚቀድም ማስጠንቀቂያ

ሻወሩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለው ከምርመራው በፊት ኤሌክትሪኩ ከዋናው ማብሪያና ማጥፊያ ይጥፋ። የረጠበ የሰው አካል የኤሌክትሪክ መቋቋም አቅም ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል፤ በ220 ቮልት በሰውነት የሚያልፈው ከረንት ያን ጊዜ 0.22 አምፔር ይሆናል። ከዚህ እጅግ ያነሰ፣ ጥቂት አሥር ሚሊ አምፔር እንኳ ለሕይወት ያሰጋል። በእርጥብ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ገመድና የመሬት መስመር የሌለው ማሞቂያ በባለሙያ ሳይታዩ ማንም እንዳይታጠብበት።

ውጤቱን ወደ ውሳኔ ስንለውጥ

ፍሳሹ የተገኘው በመክፈቻው ወይም በሚታይ መጋጠሚያ ላይ ከሆነ የጎማ ቀለበት በመለወጥና በቴፍሎን በማጥበቅ ይወገዳል፤ ለዚህ ሲባል ቤት አይተውም። ወለሉ ወይም የሴራሚኩ መጋጠሚያ ሆኖ ከተገኘ ወለሉ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ማስወገጃው እንዲያዘነብል ተደርጎ እንደገና መሠራት አለበት። ከዚያ በፊት ግን ግድግዳው ተገልጦ ይድረቅ። እርጥበትን በአዲስ ልስን መሸፈን ሌባን ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደመውጣት ነው። ማስወገጃው አፍስሶ የቋሚዎቹ እግር ከበሰበሰ ወይም መሠረቱ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ጉዳዩ የሻወር ጥገና መሆኑ ቀርቶ የቤት ጥገና ሆኗል። በዚህ ጊዜ ሻወሩን ከጭቃው ግድግዳ አውጥቶ በድንጋይ መሠረትና በብሎኬት ለብቻው መሥራት፣ ፍሳሹንም ከቤቱ ማራቅ ያስፈልጋል። የዚህ ሁሉ ወጪ በግንበኛ ተሰልቶ ከዋጋው ላይ ይነሣ፤ ሻጩ ካልተስማማ ግዢው ይቅር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልተደረገ እንደማይጸና ይደነግጋል። ውሉ መጻፉ ካልቀረ፣ በምርመራ የተገኘው ጉድለትና ሻጩ አስተካክላለሁ ያለው ነገር ቀንና ልክ ተጠቅሶ አብሮ ይጻፍበት። ገዥው ለድርድር ሲቀመጥ በእጁ የሚይዘው የቆጣሪው ሁለት ንባቦች፣ በሰዓት የጎደለው የውኃ መጠንና ምስማሩ የገባበት ጥልቀት ይሁኑ። በእነዚህ ላይ ሻጭና ገዥ፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ በአንድ ዓይን መመልከት ይችላሉ።